ማን ማንን እንዳያይ?

ለንደን ውስጥ፣ ሃይ ሆልበርን መንገድ ላይ፣ ከሆልበርን የምድር ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ ፕሪንሰስ ሉዊዝ የሚባል ፐብ፣ ማለትም የእንግሊዞች መጠጥ ቤት፣ አለ። ከውጭ ሲያዩት ብዙም አያስቆምም። ግራ ቀኙ ቢሮ ነው። ሰው ይጣደፋል፤ አውቶቡሱ፣ ብስክሌቱ፣ የዕቃ መኪናው ይተራመሳል። በደጁ ከሚያልፈው ሰው አብዛኛው ቀና ብሎ አያየውም።

በሩን ገፍቶ የሚገባ ሰው አንድ ሰፊ ክፍል ይጠብቃል። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ጥግ ላይ ባንኮኒ። የሚቀበለው ግን ኮሪደር ነው። ወለሉ ሞዛይክ ነው። ግድግዳው በቀለማም ሴራሚክ ተለብጧል። በሴራሚኩ መሐል ትልልቅ መስታወቶች ተገጥመዋል፤ በየመስታወቱ ላይ አበባና ቅጠል ተስሏል፣ ከፊሉ በወርቅ ቀለም ያበራል። ኮርኒሱ ባዶ ቦታ የለውም፣ ሁሉም ቅርጽ ነው። በኮሪደሩ አንድ ጎን ደግሞ በሮች አሉ። አንዱን ከፍታችሁ ስትገቡ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ናችሁ። ፊት ለፊት ባንኮኒው አለ። ግራና ቀኙ ከታች ጠቆር ያለ እንጨት፣ ከላይ ሥዕል የወጣበት መስታወት ነው። ከመስታወቱ ማዶ ሰው አለ። ድምፁ ይሰማል። ጥላው ይንቀሳቀሳል። ፊቱ ግን አይታይም።

ባንኮኒው መሐል ላይ ነው። ክፍሎቹ እንደ ብርቱካን ቁራጭ ዙሪያውን ከበውታል። መሐል ቆሞ የሚቀዳው ሰው ሁሉንም ያያል፤ የሚጠጡት ግን እርስ በርስ አይተያዩም። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ እንዳይተያይ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። ታስቦበት፣ ተለክቶ፣ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት የተሠራ ነው። ማን ማንን እንዳያይ ነው ይህ ሁሉ? ጥያቄው ከያዘኝ ቆይቷል። መልሱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝም እዚያው ክፍሎቹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።

እኔ የሕንፃ ባለሙያ አይደለሁም። አሮጌ ቤት ግን እወዳለሁ፣ በተለይ ተራ ሰው የሚገባበትን አሮጌ ቤት። ለቤተ መንግሥቱና ለካቴድራሉ የሚጽፍ ሞልቷል። ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ጎራ የሚልበት ቤት ግን ስለዚያ ዘመን ኑሮ ከቤተ መንግሥት የበለጠ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ፕሪንሰስ ሉዊዝ የተሠራው በ1872 ነው። ስሙን ያገኘው ከንግሥት ቪክቶሪያ አራተኛ ሴት ልጅ ነው። ልዕልት ሉዊዝ የተዳረችው ቤቱ ከመሠራቱ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ነበር። ልዕልቲቱ ቀራፂ ነበረች፣ ለጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን የምር። ኬንዚንግተን ጋርደንስ በሚባለው የለንደን መናፈሻ ውስጥ ተቀምጦ የሚታየው የእናቷ ነጭ ሐውልት የእሷ እጅ ሥራ ነው። ይህን ያህል የእጅ ጥበብ ባለበት ቤት ላይ የቀራፂ ስም መሰቀሉ ደስ ይለኛል።

ዛሬ የምናየው ውስጡ ግን የ1872 አይደለም፣ የ1891 ነው። የነደፈው አርተር ቺቲ የሚባል አርክቴክት ነው። ሴራሚኩን ደብሊው ቢ ሲምፕሰንና ልጆቹ፣ መስታወቱን አር ሞሪስና ልጁ፣ የእንጨቱን ሥራ ደብሊው ኤች ላሴልስ የተባለው ድርጅት ሠሩት። የመስታወት ሠራተኛ፣ የሴራሚክ ሠራተኛ፣ አናጢ። ለአንድ መጠጥ ቤት የከተማው ምርጥ እጅ ተሰብስቧል።

ለምን ተከፋፈለ? አጭሩ መልስ መደብ ነው። የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ሰውን በየደረጃው አስቀምጦ የሚኖር አገር ነበር። ባቡሩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። ፐቡም እንደዚያው ሆነ። ፐብሊክ ባር የሚባለው ክፍል የቀን ሠራተኛው ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ ወንበሩ ደረቅ አግዳሚ። ሳሎን ባር የሚባለው ለጸሐፊው፣ ለነጋዴው፣ ደህና ኮት ለለበሰው ነው። ፕራይቬት ባር የሚባል ደግሞ በመሐል አለ፣ ጠበብ ያለ፣ ጨዋታቸው ከሌላ ጆሮ እንዲርቅ ለሚፈልጉ። ጃግ ኤንድ ቦትል የሚባል ደግሞ ነበር። እዚያ ማንም አይቀመጥም፤ ማሰሮና ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ቢራውን አስቀድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚላኩት ልጆች ነበሩ። በ1901 የወጣ ሕግ ነው ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባልታሸገ ዕቃ እንዳይሸጥ የከለከለው።

የሚገርመው ቢራው አንድ መሆኑ ነው። የሚቀዳው ከአንድ በርሜል ነው። ሳሎን ባር ውስጥ ግን ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ጭማሪው የሚከፈለው ለምንጣፉ፣ ለስላሳው ወንበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማን ጋር እንደማይቀመጡ ለማወቅ ነው። አለቃው እዚህ፣ ቀን ሙሉ ሲያዝዘው የዋለው ሠራተኛ እዚያ። ሁለቱም አንድ ቤት ገብተዋል፣ አንድ ሰው ቀድቶላቸዋል፣ ግን አልተገናኙም።

ይህ ፕላን ያለ አንድ ማሽን አይሠራም ነበር። ድሮ ድሮ መጠጥ የሚቀዳው ምድር ቤት ካለው በርሜል ነው፤ አስተናጋጅ ወርዶ በማሰሮ ቀድቶ እየተመላለሰ ያድላል። በ1797 ጆሴፍ ብራማ የሚባል መሐንዲስ የቢራ ፓምፕ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ቀጂው ከቦታው ሳይነቃነቅ እጀታውን ሳብ ሲያደርግ ቢራው ከምድር ቤት በቱቦ ይወጣለታል። ለንደን ውስጥ በፐብ ደጅ ስታልፉ እግረኛ መንገዱ ላይ ወደ ላይ የሚከፈት ድርብ መዝጊያ ታያላችሁ። በርሜሉ የሚወርደው በዚያ ነው። ረጅሙ ባንኮኒ ራሱ የመጣው ከሱቅ ነው። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ጂን የሚሸጡ ቤቶች በትልልቅ መስታወትና በጋዝ መብራት ደምቀው ብቅ ሲሉ፣ እንደ ሱቅ ባንኮኒ ዘርግተው ቆሞ ለሚጠጣ ሰው ቶሎ ቶሎ መሸጥ ጀመሩ። ባንኮኒውና ፓምፑ ሲገናኙ መሐል ላይ የቆመ አንድ ሰው በዙሪያው ላለው ሁሉ መቅዳት ቻለ። ያኔ ዙሪያውን እንደፈለጉ መከፋፈል ይቻላል። ፓምፑ ባይኖር ለእያንዳንዱ ክፍል አስተናጋጅ ያስፈልግ ነበር።

ከፕሪንሰስ ሉዊዝ በእግር ብዙም በማይርቅ ላምስ ኮንዲዩት ጎዳና ላይ ላም የሚባል ሌላ ፐብ አለ። እዚያ አንድ ነገር ማየት አለባችሁ። ባንኮኒው ላይ፣ ልክ በፊት ቁመት፣ የትንንሽ መስታወቶች ረድፍ አለ። እያንዳንዱ በእንጨት ፍሬም ውስጥ በዘንግ ላይ ይዞራል። ስኖብ ስክሪን ይሏቸዋል። ከሥራቸው ብርጭቆ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ደንበኛው ማዘዝ ሲፈልግ መስታወቱን ዞር ያደርገዋል፣ ያዝዛል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው እጅ ነው። እጅ ሳንቲም ያስቀምጣል፣ እጅ ብርጭቆ ያነሳል። ፊት የለም።

እነዚህን መስታወቶች አዙሬያቸዋለሁ። ቀለል ብለው ይዞራሉ። የሚደንቀኝ ግን ሐሳቡ ነው። ከጎን ካለው ደንበኛ መከለል አልበቃ ብሎ ከሚቀዳው ሰው ጭምር መከለል ተፈልጓል። ቀጂው ድምፁን ያውቃል። ሰዓቱን ያውቃል። ሁልጊዜ የሚያዝዘውን ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ግን አላየሁም ማለት ይችላል፣ ደንበኛውም አልታየሁም ማለት ይችላል። ማይዳ ቬል ሰፈር ያለው ፕሪንስ አልፍሬድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ክፍልፋዮቹ መሐል ያሉት በሮች በጣም አጫጭር ናቸው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ ጎንበስ ብሎ መሹለክ ነው። ቀና ብሎ፣ ራስን ሳያዋርዱ፣ ወደ ሌላው ሰው ክፍል መግባት አይቻልም።

ስለ መስታወቱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሥራው እዚያ ላይ ነው ያለው። መስታወት ላይ አበባ የሚያወጡት በአሲድ ነበር። መስታወቱን አሲድ የማይበላው ጥቁር ቀለም ይቀቡታል። ሥዕሉ የሚወጣበትን ቦታ ክፍት ይተዉታል። አሲዱ ሲፈስበት ክፍት የተተወውን ይበላውና ያደበዝዘዋል። ቀለሙ ሲታጠብ ከፊሉ የጠራ፣ ከፊሉ ነጣ ያለ መስታወት ይቀራል። ደጋግመው ሲሠሩት የተለያየ የድብዘዛ ደረጃ ይወጣል። ቅጠሉ ላይ ደም ሥሩ፣ አበባው ላይ እጥፋቱ ይታያል። ውጤቱ ብልህ ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ፊት አያሳልፍም። በእንጨት ብቻ ቢከፋፍሉት ክፍሎቹ ጨለማ ሳጥን ይሆኑ ነበር። በጠራ መስታወት ቢሠሩት ደግሞ መከፋፈሉ ትርጉም የለውም።

አንድ አናጢ ወዳጄን ይዤው ሄጄ ነበር። አዲስ አበባ እያለ የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር፤ እዚህም ሙያውን አልተወም። ቢራው ቀርቦለት ሳይነካው ተነስቶ እንጨቱን ይደባብስ ጀመር። ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ መገጣጠሚያውን አየ። ከዚያ ጠራኝ።

«ነይ፣ እዚህ ጋ ጣትሽን አሳልፊበት።»

አሳለፍኩ። ለኔ እንጨት ነው።

«አሁን ደግሞ ይሄን።»

ይህም እንጨት ነው። እሱ ግን ፈገግ አለ። «ይሄ ፓርቲሽን የዚህ ግድግዳ እኩያ አይደለም። ጠርዙ ገና አልተበላም። የመቶ ዓመት ክርን ቢያርፍበት ኖሮ እንዲህ ስል አይሆንም ነበር። የሠራው ሰው ግን እጁ ይባረክ!»

ልክ ነበር። ፓርቲሽኖቹ የ1891 አይደሉም።

የመጀመሪያዎቹ ፈርሰው ነበር። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈቃድ የሚያድሱት ዳኞች ትንንሾቹን ክፍሎች አልወደዷቸውም። ጥጋ ጥግ ሲበዛ ቁጥጥር ይጠፋል፣ ስካሩም ቁማሩም ሌላውም ይደበቃል ብለው አሰቡ። ባለቤቱ ከቦታው ሆኖ ሁሉን እንዲያይ ፓርቲሽኑን አንሣ ይሉት ጀመር። በኋላ ደግሞ ዘመኑ ራሱ ተለወጠ። ከጦርነቶቹ በኋላ ለአለቃ አንድ በር ለሠራተኛ አንድ በር የሚለው ነገር ያሳፍር ጀመር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በየከተማው ግድግዳው እየተናደ ፐብሊክ ባሩና ሳሎን ባሩ አንድ ሆኑ። ፕሪንሰስ ሉዊዝም ሴራሚኩ፣ መስታወቱና ኮርኒሱ ተርፈውለት ውስጡ አንድ ክፍት አዳራሽ ሆኖ ቆየ።

ባለቤቱ ሳሙኤል ስሚዝ የሚባለው የዮርክሺር ቢራ ጠማቂ ነው። በ2007 ቤቱን ለእድሳት ዘጋው። በ2008 ሲከፈት ፓርቲሽኖቹ ተመልሰው ነበር። የጠፋው ሁሉ በድሮው አሠራር እንደገና ተሠርቷል።

እዚህ ላይ የሚከራከሩ አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛው ይህ ማስመሰል ነው ይላሉ፤ አዲስ እንጨት አሮጌ መስሎ መቆም የለበትም። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሰውን ከሰው ለመለየት የተሠራ ግድግዳ በራሱ ጊዜ ከፈረሰ፣ ደግ አደረገ፤ ለምን መልሰን እናቆመዋለን?

እኔ መመለሱ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ያለ ፓርቲሽኖቹ የቀረው ጌጥ ነው። ያ ሁሉ መስታወት ለምን እንደተገጠመ፣ ኮሪደሩ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ባንኮኒው ለምን መሐል ላይ እንደሆነ ማንም አይገባውም ነበር። ሰው ገብቶ «እንዴት ያምራል» ብሎ ይወጣል። አሁን ግን ገብቶ ግራ ይጋባል። የትኛው በር ነው የኔ ብሎ ያመነታል። ያ ማመንታት ራሱ ታሪክ ነው። በ1891 የገባ ሰው ያለማመንታት የራሱን በር ያውቅ ነበር፣ ልብሱ ይነግረዋልና። ያንን አሠራር ሰው በእግሩ እንዲረዳው ከተፈለገ ግድግዳው መኖር አለበት። የድሮውን ክፋት በጽሑፍ ብቻ ማስቀመጥና ቤቱን ግን ንጹሕ አስመስሎ ማቆየት ትክክል አይመስለኝም። አዲስ እንጨት መሆኑም አያሳስበኝም። አናጢ ወዳጄ በአንድ ጣት ለይቶታል፤ የሚያውቅ ሰው አይሸወድም።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱ የኔ የራሴ ነው።

እኔ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነው የምገባው። መጽሐፍ እይዛለሁ፣ ለስላሳ አዝዛለሁ፣ አንዱን ትንሽ ክፍል እይዛለሁ። አዲስ አበባ ሳድግ ሴት ልጅ ብቻዋን ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ከተቀመጠች ስም ይወጣላት ነበር። ማንም ምንም ላይናገራት ይችላል፣ ዓይን ግን ይበቃል። ያ ዓይን ሰውነቴ ውስጥ ቀርቷል መሰለኝ። አገር ለውጬም ክፍት አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ ትከሻዬ ይወጠራል። ፕሪንሰስ ሉዊዝ ውስጥ ግን ይላላል። ጀርባዬ እንጨት አለው፣ ጎኔ መስታወት አለው። ሰው አለ ግን አያየኝም። ሰፈሩ ውስጥ እንደዚህ የሚያሳርፈኝ ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

ይህ የኔ ብቻ ስሜት እንዳልሆነ ሳነብ ነው የገባኝ። በቪክቶሪያ ዘመንም ሴቶች ፐብ ይገቡ ነበር፣ እናቶች፣ ቸርቻሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች። ክፍት ባር ላይ የቆመች ሴት ግን ስሟ ይጠፋል። ስለዚህ ትንንሾቹን ክፍሎች ይመርጡ ነበር። ያው ግድግዳ አለቃውን ከሠራተኛው ሲሸሽገው ሴቲቱን ደግሞ ከስም ማጥፋት ይሸሽጋታል። የተሠራው ለሷ ብሎ አይደለም። ተጠቀመችበት እንጂ።

በዚህ ብቻ ግን ቢቆም ግድግዳውን ከሚገባው በላይ ማሞገስ ይሆናል። እዚሁ ለንደን፣ ፍሊት ጎዳና ላይ፣ ኤል ቪኖ የሚባል የወይን ቤት ነበር፣ የጋዜጠኞችና የጠበቆች መገናኛ። ሴቶች ባንኮኒው ጋ ቆመው መጠጣት አይችሉም ነበር። ከኋላ ያለው ክፍል ገብተው ተቀምጠው ነው የሚስተናገዱት። አንዲት ጠበቃና አንዲት ጋዜጠኛ ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፈረደላቸው በ1982 ነው። ስለ ቪክቶሪያ ዘመን እያወራሁ አይደለም፣ በ1982! ወሬው ሁሉ ያለው ባንኮኒው ጋ ነው፤ ከኋላ ክፍል ተቀመጪ የተባለች ጋዜጠኛ ሥራዋንም ነው የተከለከለችው። ስለዚህ ከለላና መገለል በአንድ እንጨት ይሠራሉ። እኔ ክፍሌን መርጬ ገብቼ በሩን ስዘጋ አንድ ነገር ነው። ሌላ ሰው መርጦልኝ ሲዘጋብኝ ሌላ ነው። ዛሬ ፕሪንሰስ ሉዊዝ ውስጥ የትኛውንም በር መክፈት እችላለሁ፤ ክፍሎቹን የምወዳቸውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አስተውያለሁ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም፣ ሁሉም ጠረጴዛውን ይዞ ስልኩ ላይ ነው። እዚህ ግን አራት ሰው ቀድሞ ከገባና እናንተ አምስተኛ ከሆናችሁ ሰላም ሳትሉ መቆም አይቻልም። ለመለያየት የተሠራው ክፍል ለማገናኘት ዋለ። አንድ ጊዜ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ አባት የትውልድ አገሬን ጠይቀውኝ፣ ስለ አበበ ቢቂላ ሲያጫውቱኝ ብርጭቆዬ ሳያልቅ መሽቷል።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ውበቱ ከፍቅር ብቻ የመጣ አይደለም። በ1830 የወጣው የቢራ ሕግ ግብር የሚከፍል ማንኛውም ሰው ሁለት ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ከፍሎ ቢራ እንዲሸጥ ፈቀደ። በየመንደሩ፣ በየሰው ሳሎን ቢራ ቤት ፈላ። በ1869 ግን ሥልጣኑ ወደ ዳኞች ተመለሰና አዲስ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ሆነ። ያኔ ፈቃድ ያለው ቤት ወርቅ ሆነ። ትልልቆቹ ጠማቂዎች ቤቶቹን እየተሻሙ ገዙ። በ1890ዎቹ ዋጋው ጣሪያ ነካ። በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት አራት ፐብ አለ፤ ደንበኛውን የሚስበው የበለጠ ያበራው ነው። በሌላ በኩል የፀረ መጠጥ እንቅስቃሴው ይጮሃል፣ ዳኛው በየዓመቱ ፈቃድ ያድሳል። ጨዋ የሚመስል ቤት ከዳኛ ፊት ይሻላል። ሴራሚኩም ጌጥ ብቻ አልነበረም። ጭስና ጥላሸት በበዛበት ከተማ በጨርቅ ተወልውሎ ይጸዳል። መስታወቱም የጋዝ መብራቱን ያበዛዋል።

በ1899 ግድም ነገሩ ፈነዳ፣ ብዙዎች ከሰሩ። ያ ግለት የመጨረሻው ጫፍ ላይ የደረሰበትን ማየት የሚፈልግ ሊቨርፑል ይሂድ። ፊልሃርሞኒክ የሚባለው ፐብ ከ1898 እስከ 1900 የተሠራ ነው። ሮበርት ኬን ለሚባል ጠማቂ ዋልተር ቶማስ ነው የነደፈው። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ከፍተኛው የሆነው የአንደኛ ደረጃ ቅርስነት ተሰጥቶታል። የወንዶቹ ሽንት ቤት ሳይቀር ሮዝ እብነ በረድ ነው፤ ሴቶችም ጠይቀው ገብተው ያዩታል። የፕሪንሰስ ሉዊዙም የወንዶች ሽንት ቤት በቅርስነቱ የታወቀ ነው። አናጢ ወዳጄ ገብቶ ቆይቶ ሲወጣ ለሁለት ደቂቃ ያህል የሚያወራው ስለ እብነ በረዱ ብቻ ነበር።

እነዚህ ቤቶች ቆመው እንደሚኖሩ ዋስትና የላቸውም። በ2015 ኪልበርን አካባቢ ካርልተን ታቨርን የሚባል ፐብ ቅርስ ሆኖ ሊመዘገብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አልሚዎች ያለ ፈቃድ አፈረሱት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ የጀርመንን ቦምብ ያለፈ ቤት ነበር። የሰፈሩ ሰው ተነሳ። የዌስትሚኒስተር ምክር ቤት በነበረበት መልክ መልሳችሁ ሥሩት ብሎ አዘዘ። በ2021 እንደገና ተከፈተ። መልሶ መሥራት የተቻለው ከመፍረሱ በፊት የቅርስ ባለሙያዎች ፎቶ አንስተውት፣ የቅርጾቹንም ሻጋታ ወስደው ስለነበር ነው። በ2023 ደግሞ ስታፎርድሺር ውስጥ ክሩክድ ሀውስ የተባለው፣ ከሥሩ በተቆፈረ ማዕድን የተነሳ ዘንበል ብሎ የኖረው የ1765 ቤት በእሳት ተቃጠለ። ከሁለት ቀን በኋላ በኤክስካቫተር ተናደ። እሱም መልሶ እንዲሠራ ትዕዛዝ ወጥቷል። ሁለቱን ዜናዎች ሳነብ የተናደድኩትን ያህል ስለ ማላውቀው ቤት ተናድጄ አላውቅም።

ለንደን ያላችሁ ሂዱ። አትጠጡም? ችግር የለም፣ ለስላሳውም በሰላም ይቀዳል። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት፤ ከዚያ በኋላ የቢሮው ሰው ይወጣና ክፍሎቹ ይሞላሉ። ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሂዱ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ አንዱን በር ምረጡ። መስታወቱን ከቅርብ አይታችሁ ደግሞ ራቅ ብላችሁ እዩት። ጣታችሁንም እንጨቱ ላይ አሳልፉ። አዲሱን ከአሮጌው ከለያችሁ ጻፉልኝ፣ እኔ እስካሁን አልቻልኩም። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ላም ሂዱና ትንንሾቹን መስታወቶች አዙሯቸው።